መድኃኒቱ ቀድሞ፣ ምርመራው ዘግይቶ፦ የደም ካንሰርና የተዋሐዱ ጂኖች ዳሰሳ

ራስ ዓሊ አሉላ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው በሚገዙበት ዘመን፣ በ1845፣ በኤዲንብራ ጆን ሂዩዝ ቤኔት፣ በበርሊን ደግሞ ሩዶልፍ ፊርኾ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሳይመካከሩ ስለ አንድ በሽታ ጻፉ። የሟቾቹ ጣፊያ ከልክ በላይ አብጧል፤ ደማቸውን መግል የመሰለ ነገር ሞልቶታል። ፊርኾ በ1847 «ሉኪሚያ» አለው፤ እኛ የደም ካንሰር የምንለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች የበሽታውን መልክ እንጂ ምክንያቱን አያውቁም ነበር። በእጃቸው የነበረውም በ1865 ሊሳወር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሞከረው የአርሰኒክ ጠብታ፣ ኋላም ጨረር ነው። ጣፊያው ለጊዜው ይሟሽሻል፤ ታማሚው ግን ከሞት አይተርፍም።

ይህ ዳሰሳ ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ይከተላል፤ በተለይም ሁለት ክሮሞሶሞች ተሰብረው ቁራጫቸውን ሲለዋወጡ የሚፈጠሩትን የተዋሐዱ ጂኖች። ጉዳዩን ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር ስመለከተው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በሌላው ዓለም ቅደም ተከተሉ ማየት፣ መረዳት፣ ከዚያም ማከም ነበር። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ተገለበጠ። መድኃኒቱ ቀድሞ ገባ፤ በሽታውን ለይቶ የሚያሳየው ምርመራ ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬም ጉና ሥር ያለውን ታማሚ ከኪኒኑ ይልቅ የሚያንከራትተው ምርመራው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1960 በፊላዴልፊያ ነው። የሰው ልጅ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት በትክክል ከተቆጠረ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ፒተር ኖዌል የሉኪሚያ ሕዋሳት ያረፉበትን መስታወት በቧንቧ ውኃ አጠቡት። ውኃው ሕዋሳቱን አሳበጣቸውና ተደራርበው የነበሩት ክሮሞሶሞች ተዘርግተው ታዩ። ስለ ክሮሞሶም የመመረቂያ ጥናቱን ይሠራ ከነበረው ከዴቪድ ሀንገርፎርድ ጋር ሆነው ሲመረምሩ፣ ሲኤምኤል በሚባለው ቀስ ብሎ በሚያድገው የደም ካንሰር የተያዙ ሰዎች ሕዋስ ውስጥ አንዲት ከልክ በላይ ያጠረች ክሮሞሶም አገኙ። «የፊላዴልፊያ ክሮሞሶም» ተባለች። ብዙዎች ግን አልተቀበሏቸውም። የካንሰሩ ውጤት ናት እንጂ መንስኤው አይደለችም አሉ፤ የጎደለው ቁራጭም ጠፍቶ የቀረ መሰላቸው።

ቁራጩ አልጠፋም ነበር። ይህን ያወቁት የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናቸው። የአራት ልጆች እናት ነበሩ፤ በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ነበር የሚሠሩት። አዲስ የመጣው የማቅለሚያ ዘዴ እያንዳንዱን ክሮሞሶም በራሱ መስመሮች ለመለየት ስላስቻለ፣ ራውሊ ፎቶዎቹን ቤታቸው ወስደው ከምግብ ጠረጴዛው ላይ በመቀስ እየቆረጡ ጥንድ ጥንዱን ያሰልፉ ነበር። ልጆቻቸው እናታችን በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘው ግን የካንሰር ሕክምናን አቅጣጫ የቀየረ ነገር ነው። ከ22ኛው ክሮሞሶም የጎደለው በ9ኛው ጫፍ ላይ ተጨምሯል፤ ሁለቱ ተለዋውጠዋል። በ1973 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት በ8ኛውና በ21ኛው፣ በ1977 ደግሞ በ15ኛውና በ17ኛው መካከል የሚደረጉ ልውውጦችን፣ ሌሎች የሉኪሚያ ዓይነቶች የሚታወቁባቸውን፣ አሳዩ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ይህን ሥራ ነው፤ በመቀስ፣ በፎቶና በትዕግሥት የተሠራ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ጂኖቹን በስም የመለየት ነበሩ። ከ1982 ጀምሮ በሮተርዳም የሚሠራ የተመራማሪዎች ቡድንና የአሜሪካ ባልደረቦቹ ከ9ኛው የሚነሳው ኤቢኤል፣ በ22ኛው ላይ የሚቀበለው ቢሲአር የሚባሉ ጂኖች መሆናቸውን አረጋገጡ። ኤቢኤል በጤናው ጊዜ ለሕዋሱ «ተባዛ» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍ፣ ሲበቃም የሚዘጋ ኢንዛይም ይሠራል። ከቢሲአር ጋር ሲዋሐድ ግን መዝጊያው ተነቅሎ እንደተጣለ የፎገራ ሩዝ ማሳ ቦይ ይሆናል፤ ሳያቋርጥ ይለቃል። ነጭ የደም ሕዋስ በመቅኔው ውስጥ እየተባዛ ደሙን ይሞላል፣ ጣፊያውንም ያሳብጣል። በ1990 የተዋሐደው ጂን አይጦች ላይ ብቻውን በሽታውን እንደሚያስነሳ ታየ፤ የመንስኤና የውጤት ክርክሩም አበቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። ክሮሞሶሞች ቁራጭ በተለዋወጡ ቁጥር አዲስ ጂን አይፈጠርም። ዴኒስ በርኪት በ1958 ከዩጋንዳ የጻፉለት የልጆች የመንጋጋ እብጠት፣ የበርኪት ሊምፎማ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ 8ኛውና 14ኛው ክሮሞሶም ይለዋወጣሉ፤ ኤምዋይሲ የተባለው ጂን ግን ከሌላ ጋር አልተዋሐደም። ፀረ እንግዳ አካል በሚመረትበት፣ ሥራ በማያቆምበት ሠፈር ተተከለና ከልኩ በላይ ይሠራ ጀመር። በርኪት በ1961 መኪና ይዘው ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካን አቋርጠው ሲያጠኑ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ የሚበዛ፣ ደጋ ሲወጡ የሚጠፋ ሆኖ አገኙት። የወባ ካርታ ነው ማለት ይቻላል። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠው ደብረ ታቦር ከዚያ ወሰን በላይ ነው፤ ቁልቁል ወደ ጣና የተዘረጋው ሜዳ ግን ወባ የሚያውቅ አገር ነው። ሲኤምኤል እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ ደጋ ቆላ አይለይም።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ሲባ ጋይጊ በተባለው የስዊስ ኩባንያ የሚሠሩት ኒኮላስ ላይደንና በኦሪገን ያሉት ሐኪም ብራያን ድራከር ያንን ሳያቋርጥ የሚሠራ ኢንዛይም ለይቶ የሚዘጋ ኬሚካል ፈለጉ። በሰኔ 1998 የመጀመሪያው ታማሚ ዋጠው። በ2001 የወጣው ሪፖርት በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ ደም ወደ ልኩ መመለሱን ተናገረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ። ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተለው ትልቁ ጥናት በአሥረኛው ዓመት 83 ከመቶ ያህሉ በሕይወት እንዳሉ አሳየ። ከዚያ በፊት ከጥቂት ዓመታት በላይ ተስፋ ያልነበረው በሽታ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት በኪኒን የሚኖሩበት ሆነ።

ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2001 በአሜሪካ በዓመት 30,000 ዶላር ያህል የነበረው በ2012 ከ90,000 አለፈ፤ በ2013 ከመቶ የሚበልጡ የሲኤምኤል ሐኪሞች በአንድነት ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመድኃኒቱ አምራች ኖቫርቲስ የጠየቀውን የባለቤትነት መብት ውድቅ አደረገ፤ ርካሹ የህንድ ኢማቲኒብም በገበያ ላይ ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው።

ወደ አገራችን የደረሰው ግን በገበያ መንገድ አልነበረም። ዶክተር መንግሥቱ ሻሜቦ በ1990 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ስለ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ሉኪሚያ በጻፉበት ጊዜ፣ ለሲኤምኤል የነበረው ሕክምና የነጭ ሕዋሱን ቁጥር የሚቀንስ ኪኒን ብቻ ነበር። ኢማቲኒብ ከተፈቀደ በኋላ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር፣ በሲኤምኤል በሞተ ታዳጊ መታሰቢያነት ከተቋቋመው ድርጅት ጋር፣ መክፈል ለማይችሉ በነፃ የሚሰጥበትን ፕሮግራም ጀመረ። ዕድሉ ለኢትዮጵያም ደረሰ፤ በሩም የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። በአሜሪካ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ኪኒን አንድ የፋርጣ ገበሬ በነፃ ወሰደ ማለት ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባል፤ እኔም አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ከደብረ ታቦር ጥቁር አንበሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያም በፊት ታማሚው ሲኤምኤል እንዳለበት የሚጠረጥር ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የደቡብ ጎንደር ነገር ይለያል።

ሆዱ በግራ ጎኑ የተነፋ፣ የከሳ፣ ማታ ማታ የሚያልበው ሰው አዲስ ዘመን ወይም ወረታ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስበው ሲኤምኤልን አይደለም፤ ሊሆንም አይገባም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ብዙ ሰው የጨረሰው ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ቆይቶ፣ ኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ጣፊያ ሲያብጥ ካላዛር ይታሰባል፤ ወባም፣ ቢልሃርዚያም አሉ። ታዲያ ሲኤምኤል ያለበት ሰው በዚህ መካከል ተደብቆ ወራት ያልፋሉ። የወባ ኪኒን ይሰጠዋል፤ ጠበል ይሄዳል፤ ትንሽ ይሻለውና ተመልሶ ይወድቃል።

የሚለየው ምርመራ ግን ሩቅ አይደለም። ሐኪም ቤቶች ሲቢሲ የሚሉት ተራ የደም ቆጠራ ነው። ካላዛር ነጭ ሕዋሱን ያወርደዋል፤ ብዙ ጊዜ ከልኩ በታች ነው። ሲኤምኤል ደግሞ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ሲኖረው፣ እዚህ ከ100,000 ማለፉ የተለመደ ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ ደም መስታወት ላይ ተስባ፣ ደርቃ፣ ቀለም ተቀብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። መቅኔ ውስጥ መቆየት የነበረባቸው ያልበሰሉ ሕዋሳት ከበሰሉት ጋር ተቀላቅለው፣ ከልጅ እስከ አዋቂ በየደረጃቸው ደም ውስጥ ይታያሉ። ከመካከላቸው ጥቁር ሰማያዊ ጠጠር የሞላባቸው ባዞፊል የተባሉት በዝተው ከተገኙ፣ የላብራቶሪው ባለሙያ ተራ ኢንፌክሽን አይደለም ብሎ ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ነው፤ ሁለቱም ደብረ ታቦር አሉ።

መስታወቱ የሚያሳየው ግን ጥርጣሬን ነው፤ ማረጋገጫው የተዋሐደው ጂን ራሱ ነው። ክሮሞሶም ቆጥሮ የሚለይ ላቦራቶሪ በአገራችን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ናሙናው በግል ላቦራቶሪዎች በኩል ውጭ አገር ተልኮ፣ በታማሚው ኪስ ተከፍሎ ነበር ውጤቱ የሚመጣው። ኪኒኑ በነፃ፣ ወረቀቱ በገንዘብ ሆነ። ሲያትል ያሉት የፍሬድ ሀችንሰን ማዕከል ተመራማሪ ጄራልድ ራዲችና ባልደረቦቻቸው ደምን በወረቀት ላይ አድርቆ ራቅ ወዳለ ላቦራቶሪ የመላክ ዘዴ ያበጁት እንዲህ ላለው አገር አስበው ነው። እኚሁ ራዲች በ2021 ከፍስሐጽዮን ታደሰ፣ ከአምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ኢማቲኒብን ስለተቋቋሙ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ጥናት አሳተሙ። ካንሰሩ የተዋሐደውን ጂን እየለዋወጠ ከመድኃኒቱ ያመልጣል፤ አንዳንዱ ለውጥ ዳሳቲኒብ ወይም ኒሎቲኒብ ለተባሉት ሌሎች መድኃኒቶች ይሸነፋል፣ ቲ315አይ የተባለው ግን ሁለቱንም ይቋቋማል፤ ለእርሱ ፖናቲኒብ ወይም በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርመራው አንዴ ተደርጎ የሚተው አይደለም። ኪኒኑ እየሠራ መሆኑ በየሦስት ወሩ መለካት አለበት። ሲቢሲ ልክ ሆኖ እያለ የተዋሐደው ጂን ከሥር እየጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ እርሻው ላይ ነው።

መለካቱ የሚነካው ወጣቶችን ነው። በምዕራቡ ዓለም ሲኤምኤል የሽማግሌ በሽታ ነው፤ በአሜሪካ የታማሚዎች መካከለኛ ዕድሜ ስድሳዎቹን አልፏል። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ የሚወልዱ ናቸው። በ2010 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ጂኑ ለሁለት ዓመት ከመለኪያው በታች ሆኖላቸው ኪኒኑን ካቆሙት 100 ሰዎች 40 ከመቶ ያህሉ በሽታው ሳይመለስባቸው ዓመቱን እንዳለፉ አሳይቷል። ኢማቲኒብ በእርግዝና ጊዜ የማይመከር ስለሆነ፣ ይህ ውጤት ለአንዲት የእስቴ ወጣት ሚስት ከማንም በላይ ትልቅ ዜና ነው። ግን የሚያቆም ሰው በየወሩ መመርመር አለበት። ምርመራ በሌለበት ማቆም ሕይወትን አሲዞ መጫወት ነው። ሌላው ዓለም የደረሰበት ትልቁ ነገር ለእርሷ የተዘጋው በካርትሪጅ እጦት ነው።

ካርትሪጅ ያልኩት በምክንያት ነው። ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽን ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ተተክሏል። ይኸው ማሽን ሌላ ካርትሪጅ (ናሙናው የሚጨመርበት ትንሽ ዕቃ) ሲገባበት ቢሲአር ኤቢኤልን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለካል። የሚፈልገው ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው ብልቃጥ የተቀዳ ጥቂት ሚሊሊትር ደም ነው፤ ደሙም በቅዝቃዜ ከተያዘ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። በሦስት ቀን ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር፣ ከደብረ ታቦር ጎንደር በደህና ይደረሳል። የኢትዮጵያ ፖስታ የነቀርሳ አክታ ናሙና ማመላለስ ከለመደ ቆይቷል። ማሽኑ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ልምዱም አለ። እንደ እኔ ከሆነ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ሁሉ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሞላው ይህ ነው።

ሌሎቹ የተዋሐዱ ጂኖች ይህን ያህል ጊዜ አይሰጡም። በ15ኛውና በ17ኛው ክሮሞሶም ልውውጥ የሚመጣው፣ ኤፒኤል የተባለው አጣዳፊ ሉኪሚያ በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ የሚገድል ነበር። በ1985 የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ ከቫይታሚን ኤ የተገኘውን አትራ የተባለ መድኃኒት በአንዲት ሕፃን ልጅ ላይ ሞክረው አዳኗት። የሃርቢኑ ዣንግ ቲንግዶንግ ቀደም ብለው አርሰኒክን ሞክረው ነበር፤ ሊሳወር ለሌላ ሉኪሚያ በጨለማ የሞከረው መርዝ ትክክለኛ በሽታውን አገኘ። በ2013 የታተመው የጣሊያንና የጀርመን ጥናት ሁለቱ አብረው ያለ ኬሞቴራፒ አብዛኞቹን እንደሚያድኑ አረጋገጠ። ዛሬ ኤፒኤል በተሻለ ከሚድኑት ሉኪሚያዎች አንዱ ነው፤ የሚድነው ግን አትራው ጥርጣሬው በተነሳበት ዕለት ከተጀመረ ነው። ድዱ የሚደማ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ወጣት ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ እስኪደርስ አይጠብቅም። የአትራ ኪኒን በትልልቅ የክልል ሆስፒታሎች መደርደሪያ መኖር አለበት።

የልጆቹንም ሳላነሳ አላልፍም። በልጆች ሉኪሚያ ከሚገኙት የተዋሐዱ ጂኖች የተለመደው ኢቲቪ6 ሩንክስ1 ብዙ ጊዜ ገና በማሕፀን ይፈጠራል፤ ይህ የታወቀው በ1990ዎቹ ሲወለዱ ከተረከዛቸው ተወስዶ በወረቀት የተቀመጠ ደም ዓመታት ቆይቶ ሲመረመር ነው። እናት ያጠፋችው ነገር የለም፤ ይህ ጮክ ተብሎ ሊነገር ይገባል። በአገራችን ትንሽ ልጃቸውን በሉኪሚያ ያጡት ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስንት ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ማረፊያ ያገኘበት ነው።

የመጨረሻው ነገር ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል መንገዶች ስንት ጊዜ ተዘግተዋል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የተዘጋ መንገድ ሕመም ነው። ለወራት የሚበቃ ኪኒን በአንድ ጊዜ መስጠት፣ በቅርብ ሆስፒታልም ማስቀመጥ ግዴታ ሆኗል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር፤ የቢሲአር ኤቢኤል ምርመራ በመድኅኑ የሚሸፈን ከሆነ ጅማሬው እዚያው ቢሆን ያምራል።

ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። ግራ ጎኑ ያበጠ፣ ወባውም ካላዛሩም ታክሞ ያልተሻለው ዘመድ ካለዎት፣ ሲቢሲ ይታይለት ብለው ይጠይቁ። ነጭ ሕዋሱ ከልክ በላይ ከሆነ ሪፈሩን አያዘግዩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት እንደፈቀዱት ጠበሉም ኪኒኑም አብረው ይሂዱ፤ ኪኒኑን ስለተሻለው ብቻ ማንም አያቁም። የክልሉ ጤና ቢሮና ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ካርትሪጁን ማሽኑ ወዳለበት ያምጡ።